የጫማ ጠባቂዋ ጉዞ

የንጋቱን ቅዳሴ እኔ የምሰማው ከአልጋዬ ሳልወርድ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከእኛ ቤት ሁለት መንገድ ይርቃል፤ ድምፅ ማጉያው ግን ትራሴ ሥር የተቀበረ ይመስላል። ቅዳሴው ከመጀመሩ በፊት አንዲት ሴትዮ ሰዉ በፖስታ አሽጎ ያስገባውን የጸሎት ልመና አንድ በአንድ ታነባለች፤ ለእገሌ ነፍስ፣ ለእገሊት ልደት፣ የነርስ ፈተና ለምትፈተነው፣ ከኩላሊት ሕመም ለተነሳው። ያን ቅዳሜ እንቅልፌና ጆሮዬ እየተጓተቱ ሳለ ሴትዮዋ «ለደኅና ጉዞ» አለች። ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያ ያለ ምንም ርኅራኄ «ቄርቢና ቪላፍሎር፤ ዛሬ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ በሚነሳው መርከብ ብቻዋን ወደ ሲኪሆር ለምትሄደውና ሁለት ሌሊት አድራ ለምትመለሰው» ብላ አነበበችው። ተስፈንጥሬ ተቀመጥኩ። ቄርቢና ቪላፍሎር አክስቴ ናት። እኔና እሷ ሦስት ሳምንት ሙሉ በሹክሹክታ ያቀድነውን ነገር ከተማችን ዱማጌቴ ከነሰዓቱ ሰማችው፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ዳቦ ቤት ሳይቀር።

አክስቴ ከቅዳሴ ስትመለስ ፊቷ ነጭ ሆኗል። የስፌት ክፍሉ በር ላይ ቆማ ወደ ውስጥ መግባት ፈራች። ክፍሉ ሱቃችንም ነው፣ ሳሎናችንም ነው፣ ሲመሽ የእኔ መኝታ ቤትም ነው፤ ሁለት የስፌት ማሽን፣ ጭንቅላት የሌላት የልብስ አሻንጉሊት፣ አንድ ረጅም የምግብ ጠረጴዛ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ አያቴ። አያቴ እንደምትሰማ ስለማውቅ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«ማን ጻፊ አለሽ?»

«ታዲያ ለእግዚአብሔር ሳልነግረው ልሂድ?»

«መንገርስ ንገሪው። ሰዓቱን ምን አስጻፈሽ?»

«የትኛውን መርከብ እንደሚጠብቅልኝ ይወቅ ብዬ ነዋ!»

ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? አክስቴ ሰው ላይ መዋሸት አይሆንላትም፤ እግዚአብሔር ላይማ ጭራሽ። ፖስታው ላይ «ለጉዞ» ብላ ብቻ ብትተወው ማንም አያውቅም ነበር። እሷ ግን ቅጽ ሲሰጧት ባዶ ቦታ ከተረፈ ስድብ የሚመስላት ሴት ናት።

ሲኪሆር ማለት ከባሕር ዳሩ መንገድ ላይ ቆሞ የሚታይ ደሴት ነው። አክስቴ አርባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አይታዋለች። በመርከብ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ ሄዳ ግን አታውቅም። ባሕር አታውቅም ማለቴ አይደለም። በየዓመቱ ከትንሣኤ በኋላ ቤተሰቡ በሙሉ ድስቱን፣ ሩዙን፣ ሙዚቃውን ጭኖ ባሕር ይወርዳል። ሁሉም ልብሱን አውልቆ ወደ ውሃው ይሮጣል፤ አክስቴ የላስቲክ ምንጣፉ ላይ ትቀመጥና ጫማ ትጠብቃለች። የአሥራ ስድስት ሰው ነጠላ ጫማ፣ ስልክ፣ ቦርሳ፣ የአያቴን ሰው ሠራሽ ጥርስ። «ቢና፣ አንቺ አለሽ አይደል?» ይሏታል እየሮጡ። አለች። ሁልጊዜ አለች። ውሃ ከጉልበቷ በላይ ነክቷት አያውቅም። ዘንድሮ የዩኒፎርም ስፌቱ ግርግር ባለቀበት ቀን መቀሱን አስቀመጠችና ያለ ምንም መግቢያ «ጁቪ፣ እኔ አንድ ቀን ጫማዬን አውልቄ፣ ዞሬም ሳላየው ውሃ ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ» አለችኝ። እቅዱ የተወለደው እዚያ ላይ ነው።

እኔ ትምህርት ያቆምኩት ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው፤ እቅድ ማውጣት ግን ማንም አያስተምረኝም። መጀመሪያ ክፍል ፈለግን። ባሕሩ አጠገብ፣ በአዳር ስድስት መቶ ሃምሳ ፔሶ፣ ቁርስ ጨምሮ፣ የቤቱ ባለቤት ጡረታ የወጡ ሴት አስተማሪ። ዋጋው ስላማረኝ ብቻ አላመንኩም። በተለያየ ሰዓት ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ያነሱት ራሳቸው ሴትዮዋ ናቸው። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል ወይ ብዬ ስጠይቅ «ልጄ፣ እዚህ ቤት የማይቆለፈው የእኔ አፍ ብቻ ነው» አሉኝ። ወደድኳቸው። መርከቡን የቀኑን መረጥን፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ገብታ ክፍሏን እንድታይ፣ መንገዱን እንድትለይ። ገንዘቧ ሦስት ቦታ ተከፋፍሎ ይደበቃል አልኩ። ያንን ሥራ አክስቴ በደስታ ሠራችው፤ ለሙሽሮች ቀሚስ የምትሰፋበትን ጥበብ ሁሉ አውጥታ ከውስጥ ልብሷ ወገብ ላይ እንዲህ ያለ ድብቅ ኪስ ሰፋች፣ እኔ ራሴ እዚያ መኖሩን እያወቅሁ ፈልጌ አጣሁት። የመታወቂያዋን ፎቶ እኔ ጋ አስቀረሁ። «ብቻሽን ነሽ ወይ?» ለሚል ወንድ የምታሳየው ቀለበትም ገዝቼላት ነበር፤ እሱን አልቀበልም አለች። «በዚህ ዕድሜዬ የሌለ ባል ተሸክሜ አልዞርም» ብላ መለሰችልኝ። «አስተማሪዋ ቤት ይጠብቁኛል እለዋለሁ፤ እውነት ነዋ።»

ከሁሉ የምኮራው ግን በእግር ፎቶው ዘዴ ነው። ደኅና ነኝ ብሎ መጻፍ ስልኳን የሰረቀ ሌባም ይችላል። የአክስቴን እግር ግን ማንም ሊያመጣ አይችልም፤ ሠላሳ ዓመት የማሽን መርገጫ የረገጠው የቀኝ አውራ ጣቷ ወደ ውጭ ታጥፎ ቀርቷል። ስለዚህ ስትደርስ አንድ፣ ሲመሽ አንድ፣ ሲነጋ አንድ የእግሯን ፎቶ ትልካለች። ፎቶው በአንድ ሰዓት ከዘገየ አስተማሪዋ ጋ እደውላለሁ። እሳቸው ካላነሱ የደሴቱ ፖሊስ ቁጥር ማሽኑ ላይ ተለጥፏል።

የቀረው ለቤተሰቡ መንገር ነበር። ለእሱም ሰዓት መርጠንለታል። እኛ ቤት ሰዎች ምግብ ላይ ሳሉ አንዱ ለመንገድ ከተነሳ፣ የቀሩት ሳህናቸውን ያዞራሉ። ሳህን ሳይዞርለት የወጣ ሰው መንገዱ ደግ አይሆንም። አክስቴ ደግሞ ሳህን ሳይዞርላት እስከ ገበያ እንኳ አትሄድም። እቅዱ ይህ ነበር፤ ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ፣ ሁሉም አፉ ሩዝ ሲሞላ አክስቴ ብድግ ትላለች፣ «ሲኪሆር ሄጄ እመጣለሁ» ትላለች፣ ሰዉ በልማድ ሳህኑን ያዞራል፣ አፉ ያለውን ውጦ «ምን?» ሲል እሷ ወደብ ደርሳለች። በጣም የሚያምር እቅድ ነበር።

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጎረቤታችን እትዬ ፔሪን በሌሊት ልብሳቸው መጡ። ሰበር ዜና ይዘው የመጡ ይመስል በሩን ሳያንኳኩ ገቡ። «ቢና፣ አብደሻል? የጠንቋይ አገር ብቻሽን? እዚያ ያለችው አሮጊት አንድ ጊዜ ካየችሽ ሆድሽ ውስጥ ጥንዚዛ ነው የምትከተው! የአጎቴን ልጅ ምን እንዳደረጉት ታውቂያለሽ?» አናውቅም። ነገሩን ከነጥንዚዛው ቀለም። ጨርሰው ሲነሱ ከኪሳቸው ባዶ ጠርሙስ አወጡ። «እንግዲህ ከሄድሽ አይቀር ከእነዚሁ ከአሮጊቶቹ የወገብ ዘይት አምጪልኝ። አረንጓዴውን እንጂ ቢጫውን አይደለም።» ከእሳቸው በኋላ ዳቦ ሻጯ ለባሏ ሳል፣ ከዚያ የመዘምራኑ ሴትዮ ለልጇ ትዳር ጠርሙስ ይዘው መጡ። አራት ሰዓት ላይ ጠረጴዛችን ላይ ሰባት ጠርሙስ ተሰልፏል። አክስቴ አንዱንም እምቢ ማለት አልቻለችም። እኔ ከጀርባዋ ሆኜ ሰባቱንም አንሥቼ አልጋዬ ሥር አስገባኋቸው።

አጎቴ ኤርሜሎ ግን ጠርሙስ አልያዘም። እሱ የአክስቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ባጃጅ ይነዳል፤ ከጓሮ ባለችው ቤት ይኖራል። ሚስቱ ቅዳሜን ዓሣ ገበያ ነው የምትውለው። ስለዚህ ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ የመጣው ሦስት ልጆቹን አስከትሎ ነው፤ ፀጉራቸው በውሃ ተለጥፏል፣ ጀርባቸው ላይ የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ አንደኛው አንገቱ ላይ ከአሁኑ የዋና ጎማ አጥልቋል። በር ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ስድስት ትንንሽ ነጠላ ጫማዎች፣ ሁለቱ በተቃራኒው የተቀመጡ። አክስቴ ከድስቱ ቀና ብላ መጀመሪያ ያየችው ልጆቹን አይደለም፣ ጫማዎቹን ነው። ጭልፋው እጇ ላይ ቀረ።

ተቀመጥን። የተጠበሰ ዓሣ፣ ሩዝ፣ የሞሪንጋ ቅጠል ሾርባ። አያቴ ከመጋረጃዋ ወጥታ የጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀመጠች። እኛ ቤት ሰው ሲቆጣ አይጮህም፣ ዓሣውን በጣም በጥንቃቄ ከአጥንቱ ይለያል። አጎቴ ዓሣውን ለይቶ፣ ለይቶ፣ ጨረሰና ወደ እህቱ ሳያይ ተናገረ።

«ልጆቹን ይዘሻቸው ሂጂ፣ ቢና።»

«ወንድም ጋሼ፣ ክፍሉ ለአንድ ሰው ነው።»

«መሬት ይተኛሉ። ብቻሽን ከምትሆኚ ይጠብቁሻል።»

«ትልቁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው!» አልኩ እኔ።

«መጮህ ይችላል» አለ አጎቴ። ልጁ መቻሉን ለማሳየት አፉን ሲከፍት አያቴ ሩዝ አጎረሰችው።

አጎቴ ክፉ ሰው አይደለም። አክስቴ ስትታመም በባጃጁ ሆስፒታል በር ላይ አድሯል። ግን ያን ቀን ፊቱ ቀልቶ ነበር። ወደብ ላይ የባጃጅ ጓደኞቹ ከማለዳ ጀምሮ ሲያላግጡበት ነው ያረፈዱት፤ «እህትህን ደሴቱ ላይ ማን ይጠብቃታል?» እያሉ። «ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?» አላት። «ሴት ልጅ ብቻዋን ሁለት ሌሊት! ከማን ጋር ነው የሄደችው ይላሉ። እኔስ ምን ብዬ ልመልስ?»

አክስቴ ዝም አለች። ዝም ስትል አውቃታለሁ፤ አንድ ደቂቃ ቆይታ «እሺ» ትላለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ከአንድ ደቂቃ በኋላ «እሺ» ብላለች። ስድስቱን ጫማዎች አየኋቸው። እና አፌ፣ ለነገሩ አፌ እኔን አስፈቅዶ አያውቅም።

«እናቴ ሪያድ ስትሄድ ከማን ጋር ነበር የሄደችው?»

እናቴ የአጎቴና የአክስቴ ታናሽ እህት ናት። እኔ አራት ዓመቴ ሳለ በሃያ ሁለት ዓመቷ ለማታውቀው ሰው ቤት ልትሠራ ሄደች። ያን ቀን ቤተሰቡ መኪና ተከራይቶ ነው አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ የሸኛት፣ ስሟን በካርቶን ጽፎ፣ እየዘፈነ። ፎቶው አሁንም ማሽኑ በላይ ተሰቅሏል። አጎቴ መሃል ላይ ቆሞ በሁለት ጣቱ የድል ምልክት ያሳያል።

«እሱ ለሥራ ነው» አለ አጎቴ በመጨረሻ።

«አዎ። ለሥራ ሲሆን ብቻችንን እንችላለን።»

አጎቴ በጥፊ ይመታኛል ብዬ ትከሻዬን ሰብስቤ ነበር፤ እሱ ግን ፎቶውን እያየ ነበር። አክስቴ ያኔ ብድግ አለች። ከማሽኑ ሥር ቦርሳዋን ሳበች። ትንሽ ቦርሳ ናት፣ እንደ እቅዱ፣ ራሷ ተሸክማ የምትሮጥባት ያህል። በር ላይ ደርሳ ቆመች።

«ሲኪሆር ሄጄ እመጣለሁ።»

እኔ ሳህኔን ወዲያው አዞርኩት። ልጆቹም አዞሩ፤ እነሱማ ጨዋታ መስሏቸው እንደ መሪ እያሽከረከሩ ሾርባውን ጠረጴዛው ላይ ደፉት። አጎቴ ግን ሁለት እጁን ሳህኑ ላይ ጫነ። አላዞርም ማለት ነው። አክስቴ አየችው። ውጭ አልወጣችም፣ ወደ ውስጥም አልተመለሰች፤ አንድ እግሯ ደጃፉ ላይ፣ አንዱ ቤት ውስጥ ቀረ። ሦስት ሳምንት ያሰብኩት የክፍል ቁልፍ፣ የፖሊስ ቁጥር፣ ድብቅ ኪስ፣ ሁሉም ለአንድ የሸክላ ሳህን ሊወድቅ ነው። ስድስት ሰዓት ከአርባ ሆኗል።

አያቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። የራሷን ሳህን በአንድ ጣቷ ቀስ አድርጋ አዞረችው፤ የዓሣው ጭንቅላት ከእሷ ወደ በሩ ዞረ። ከዚያ «ኤርሜሎ፣ እጅህን አንሳ» አለች።

«እማዬ...»

«አንሳ አልኩህ። ታናሿን ስሸኛት እኔም አልጠየቅሁም፣ ከማን ጋር ብዬ።»

አነሳ። አያቴ ክንዷን ዘርግታ የእሱንም ሳህን አዞረችለት፣ እንደ ሕፃን። «አሁን የቀረችህን ብላና አድርሳት። መርከቡ አንተን አይጠብቅም።»

አጎቴ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ተነሣ። ባጃጁን ሲያስነሳ እኔ ፊት ለፊቱ ቆሜ የታርጋ ቁጥሩን ፎቶ አነሳሁ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«የምትሳፈርበትን ባጃጅ ቁጥር መያዝ ሕጋችን ነው።»

«እኔኮ ነኝ!»

«ሹፌሩ ማንም ይሁን ይላል ሕጉ።» አክስቴ ቦርሳዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ከንጋቱ ጀምሮ መጀመሪያ የሳቀችው ያኔ ነው።

እኔም አብሬያቸው ተሳፈርኩ። ወደብ ላይ ወረፋው ረጅም ነበር፤ ዶሮ በካርቶን የያዘ፣ በረዶ ሳጥን የተሸከመ፣ ትልቅ ቦርሳ አዝለው የሚያልባቸው ፈረንጆች። አጎቴ እንደ ልማዳችን በዓይኑ አደራ የሚላትን ሰው ይፈልግ ጀመር። አንዲት መነኩሲት አየና ወደሷ ሁለት እርምጃ ሄደ፤ «እህቴ፣ ይቺ እህቴ...» ሲል አክስቴ ከኋላው «ወንድም ጋሼ» አለችው። ሌላ ምንም አልጨመረችም። መነኩሲቷ «አቤት?» ብላ ጠበቀች። አጎቴ አናቱን አከከ። «ይቺ እህቴ ናት» አላት፣ «ማለቴ... ታላቅ ልብስ ሰፊ ናት።» ተመለሰ። አክስቴ ትኬቷን ራሷ አሳየች፣ ቦርሳዋን ራሷ ተሸከመች፣ መወጣጫው ላይ ዞራ አላየችም። ዞራ እንዳታይ የመከርኳት እኔ ነኝ፤ ቢሆንም ትንሽ ከፋኝ።

የመጀመሪያው ፎቶ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ደረሰ። ሲሚንቶ ላይ የቆመ እግር፣ ነጠላ ጫማ፣ የታጠፈው አውራ ጣት። አያቴ ስልኩን ዓይኗ ሥር ድረስ አስጠግታ «እሱ ነው» ብላ መሰከረች። ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት አልሄድ አለ። ቁልፍ የምተክልበት ሸሚዝ ነበረኝ፤ ሁለቱን ቁልፍ በተቃራኒው ተከልኩ። አጎቴ ሰው ማመላለሱን ትቶ ባጃጁን ደጃችን አቁሞ ያልተበላሸ ሞተር ይፈታል። የሚቀጥለው ፎቶ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነበር መድረስ ያለበት። አሥራ አንድ ተኩል ሆነ። ሩብ ጨመረ። እኔ ማንም ሳያየኝ ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አንድ ጊዜ አነበብኩት። አጎቴ የዘይት ጨርቁን ይዞ በሩ ላይ ቆመ፤ «ደውይ እንጂ!» አለኝ። «አንድ ሰዓት መጠበቅ አለብኝ፤ እቅዱ...» ስል ስልኩ ጮኸ።

ሦስታችንም ላዩ ላይ ተደፋን። ፎቶው ከላይ ወደ ታች የተነሳ ነው፤ ውሃ ብቻ። ብርጭቆ የመሰለ ውሃ፣ ከሥሩ ነጭ አሸዋ፣ አሸዋው ላይ በጣም ርቀው ሁለት እግሮች። ቀሚሷ ዙሪያዋን እንደ አበባ ተንሳፍፏል። ውሃው ወገቧ ጋ ደርሷል። ጥፍሮቿ ቀይ ናቸው።

«መቼ ነው ቀለም የተቀባችው?» አለች አያቴ።

«ትናንት፣ ማሽኑ ሥር ተደብቃ» አልኩ።

አያቴ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየችው። አንድ ነገር እንደጎደለባት ስልኩን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዘነበለችው። «ጫማዋስ?» አለች። «ጫማዋን ማን ይጠብቅላታል?»

ጻፍኩላት። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ጮክ ብዬ አነበብኩት። «አሸዋው ላይ ነው። የት ጋ እንደሆነ አላየሁም።»

አጎቴ ጨርቁን እጁ ላይ ጠቀለለው፤ ፈታው። «በአርባ አምስት ፔሶ ነው የገዛቻቸው» አለ፣ ሊቆጣ ፈልጎ፤ ግን ከንፈሩ እምቢ አለውና ሳቀ። አያቴ ግን አልሳቀችም። ተነሥታ ወደ አክስቴ ማሽን ሄደች፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ ሸበጧን አንድ በአንድ ከእግሯ ወዲያ ወረወረችና ባዶ እግሮቿን ብረቱ መርገጫ ላይ ጎን ለጎን አሳረፈች።

«በይ አንሺኝ» አለች። «እኛም ደኅና መሆናችንን ትወቅ።»

አነሳሁ። ልልከው ስል ፎቶው ጠርዝ ላይ ሦስተኛ እግር አየሁ፤ ትልቅ፣ ጥፍሩ በሞተር ዘይት የጠቆረ፣ ሾልኮ የገባ። ቀና ስል አጎቴ ባዶ እግሩን ማሽኑ አጠገብ ቆሞ በበሩ ወደ ባሕሩ በኩል ያያል። አልቆረጥኩትም፤ እንዳለ ላክሁት።